ቲክ ሲል አቁም

የመስቀል ሰሞን ቡታጅራ ነበርኩ። «ጉራጌ ነህ እንዴ?» ለምትሉኝ፣ አይደለሁም። ጓደኛዬ ነው ጉራጌው፤ እኔ ክትፎውን ተከትዬ የሄድኩ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ሦስት ቀን በልተን፣ ሦስት ቀን ተመርቀን፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ልንመለስ ስንነሳ የጓደኛዬ ዲኤክስ የኋላ ጎማ ተኝቶ አገኘነው። መንገድ ዳር ካለች አንዲት ጋራዥ ገፍተን አደረስነው። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳታስቡ። የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ሞርሳ፣ የተከመረ ቸርኬ፣ ግድግዳው ላይ ዓመቱ ያለፈበት ካላንደር። ባለቤቱ ሰባ ዓመት የሚጠጉ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል፤ እኔም ስማቸውን አልጽፍም፣ ጋሼ ይበቃል።

ጎማው ተለጥፎ ተመለሰ። አሥራ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ዳዶዎቹን በጣቱ አስገባና መፍቻውን ሰካ። ከዚያ መፍቻው እጀታ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን የውኃ ቱቦ አጠለቀ። ቱቦው ጫፍ ላይ ወጥቶ ቆመ። ዘለለ። እኔ በሆዴ «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ ማጥበቅ» አልኩ። ጋሼ ግን ከወንበራቸው ሳይነሱ ጮኹ።

«ውረድ! ቲክ ሲል አቁም አላልኩህም?»

ልጁ ሳቀ። መፍቻው ቲክ የሚል መፍቻ እንዳልሆነ እሱም ያውቃል፣ ጋሼም ያውቃሉ። በዚህ መሐል ያለሁት የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። «ጋሼ፣ ቲክ የሚለው ምኑ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ወንበር አሳዩኝ። መልሳቸው ግን ከጎማ አልጀመረም፤ ከጠመንጃ ጀመረ።

* * *

ጋሼ በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ የውጭ አገር አዳኞችን ጫካ የሚያደርስ መኪና ይነዱ ነበር። አዳኞቹ የሚመጡት በአብዛኛው ለአንድ እንስሳ ነው፤ ለደጋ አጋዘን። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የለም። እንግሊዛዊው አይቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ገድሎ ወስዶት፣ ሊዴከር የሚባለው የእንስሳት ሊቅ በ1910 በገዳዩ ስም እስከሚሰይመው ድረስ የአውሮፓ ሳይንስ ስለ መኖሩም አያውቅም ነበር። (የባሌና የአርሲ ገበሬ ግን ከዘላለም ጀምሮ ያውቀዋል። ይህን እያለፍን እንሂድ።) እንግዲህ ለአንድ አጋዘን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የከፈለ ሰው መሳት አይፈልግም። ስለዚህ ሰፈር እንደ ደረሰ የመጀመሪያ ሥራው ወረቀት ላይ መተኮስ ነው።

አንድ ጀርመናዊ መጣ፤ ጋሼ ናቸው የሚያወሩት። ቁመቱ ረጅም፣ ክንዱ የእኔን ጭን የሚያክል። ጠመንጃው ባለመነጽር ነው። 100 ሜትር ላይ ወረቀት ሰቀሉለትና ተኮሰ። አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ከወረቀቱም ውጪ። ጋሼ «ይኼ ሰውዬ መተኮስ አይችልም» ብለው ከምግብ አብሳዩ ጋር ተጠቃቀሱ። ሰውዬው ግን አልተናደደም። ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ መነጽሩን የያዙትን ሁለት ቀለበቶች ፈታ። የመነጽሩ ቱቦ ላይ ቀለበቱ ነክሶት የቀረ ጠባሳ ነበረበት። አገሩ ሳለ የሆነ ሰው ከልክ በላይ አጥብቆታል። አንዱ ብሎን ደግሞ ጥርሱ ሊበላ ምንም አልቀረውም፤ እሱ ነው በፒስታው መንገድ ሲንገጫገጭ የላላው።

ሰውዬው ብሎኖቹን ከዘይት ጠረገ። ከዚያ ከቦርሳው እጀታው ላይ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ካቻቢቴ አወጣ። አንዱን ትንሽ ጠበቅ፣ ከዚያ በሰያፍ ያለውን ትንሽ ጠበቅ፣ እንደገና ወደ መጀመሪያው። እንዲህ እያለ ሲዞር በመጨረሻ ካቻቢቴው «ቲክ» አለ። ሰውዬው ወዲያው እጁን አነሳ። ወደሚቀጥለው ሄደ። ቲክ። እጁን አነሳ።

«አየህ» አሉኝ ጋሼ፣ «ያ ክንድ ብሎኑን እንደ ክብሪት እንጨት ሊሰብረው ይችላል። ግን አንዲት ትንሽ ዕቃ አቁም ስላለችው አቆመ። እኔ በሕይወቴ ጉልበተኛ ሰው ተው ሲባል ሲሰማ ያየሁት ያን ቀን ነው።»

ከዚያ ሦስት ጥይት ተኮሰ። ሦስቱን ቀዳዳ በቡና ሲኒ አፍ መሸፈን ይቻል ነበር።

* * *

ጉዳዩ ከንክኖኝ ሒሳቡን ሠራሁት። መነጽሩን በያዙት ሁለት ቀለበቶች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር አለ እንበል። ከሁለቱ አንዱ በ0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ቢንሸራተት፣ ጥይቱ 100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ይስታል። 300 ሜትር ላይ 30 ሳንቲ ሜትር። የአነጣጣሪው ዓይን፣ ትንፋሽ፣ ወኔ፣ ዘር ማንዘር… አንዱም እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ታዲያ ይህን ወረቀት ለመከላከል ምን ያህል ማጥበቅ ያስፈልጋል? አብዛኞቹ አምራቾች ለቀለበቱ ብሎኖች የሚያዝዙት 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ፊዚክስ ለረሳችሁ፦ 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ አንድ ኪሎ ስኳር ብታንጠለጥሉ ያ 2 ኒውተን ሜትር ነው። አለቀ። አንድ ኪሎ ስኳር!

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎን ማለት የተደበቀ ሞላ ነው። ስናጠብቀው ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ ወደ ቦታው ልመለስ ሲል ነው ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ የሚጨብጣቸው። ካነሰ አይጨብጥም፣ በንዝረት ይላላል። ከበዛ ደግሞ እንደ አሮጌ የሱሪ ላስቲክ ተለጥጦ ይቀራል፤ ሲያዩት ጠብቋል፣ ግን ከዚያ በኋላ ሞላ አይደለም። ሌላም ጉድ አለው። መፍቻው ላይ ከምናፈስሰው ጉልበት 10 እጅ ቢሆን 9 እጁን የሚበላው ሰበቃ ነው፤ ለመጨበጥ የሚተርፈው አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ጀርመናዊው ዘይቱን የጠረገው ለዚህ ነው። ጥርሱ ዘይት ከነካው ሰበቃው ይቀንስና በዚያው «ቲክ» ብሎኑ ከታሰበው በላይ ይለጠጣል።

(ማሳሰቢያ፦ ማንም ተነስቶ ጠመንጃ ይግዛ አላልኩም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል ነገር አለ፤ ፈቃድ የሌለው ሰው ስለ ጎማው ብቻ ያንብብ።)

* * *

ብሎንና ባለመነጽር ጠመንጃ ዘመዳሞች መሆናቸውን የተረዳሁት አዲስ አበባ ተመልሼ ሳነብ ነው። ዝምድናቸው ደግሞ በአንድ ሰው በኩል ነው። ሰውየው ጆሴፍ ዊትዎርዝ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ ፋብሪካው ማንቸስተር። ከእሱ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የብሎኑን ጥርስ እንደ ልቡ ነበር የሚያወጣው፤ የአንዱ ዳዶ የሌላው ብሎን ላይ አይገባም። ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 ተነሳና የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ይሁን፣ በየውፍረቱ የጥርሱ ቁጥር ይህን ያህል ይሁን አለ። አገሩም ተቀበለው። ዛሬ ከመርካቶ የገዛችሁት ዳዶ ቡታጅራ ከተገዛ ብሎን ጋር የሚገጥመው በዚህ ሐሳብ ምክንያት ነው፤ ልኩ ራሱ ከዚያ ወዲህ ቢለወጥም።

ያው ሰው በ1850ዎቹ (አሁንም በፈረንጅ) ጠመንጃ ሠራ። የአፈሙዙ ውስጥ ክብ ሳይሆን ባለስድስት ማዕዘን ነበር። በዘመኑ የሚደርስበት አልነበረም። በሐምሌ 1860 ዊምብልደን ላይ የተኩስ ውድድር ሲከፈት ንግሥት ቪክቶሪያ የመጀመሪያውን ጥይት የተኮሱት በእሱ ጠመንጃ ነው። 400 ያርድ ላይ ጥይታቸው ከመሐሉ በ3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ራቀ። ንግሥቲቱ አነጣጣሪ ስለነበሩ እንዳይመስላችሁ፤ ጠመንጃው በብረት ማስቀመጫ ላይ ታስሮ፣ ተስተካክሎ ነበር የጠበቃቸው። እሳቸው የሳቡት ገመድ ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የደቡቦቹ አነጣጣሪዎች ከነዚህ ጠመንጃዎች አንዳንዶቹን መነጽር ገጥመውባቸው ተጠቀሙ።

ቪክቶሪያ ስንል እኛም የምናውቃት ሽጉጥ አለች። ለአፄ ቴዎድሮስ የተላከችው፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የመጨረሻዋን ጥይት የተኮሰችው። ያን ቀን ተራራውን የወጣው የእንግሊዝ ጦር የያዘው ስናይደር የሚባል፣ ከኋላ የሚጎርስ አዲስ ጠመንጃ ነበር። ጦሩ ተመለሰ፣ ስሙ ግን ቀረ፤ ስናይደር ተቀይሮ «ሰናድር» ሆነ።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። የጠመንጃ ስም አወጣጥ ላይ እኛን የሚያህል የለም። የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ውጅግራ ሆነ። ማንሊኸር ምንሽር ሆነ። የቤልጅጉ በልጅግ ተባለ። ስሙን ተቀብለን፣ አማርኛ አድርገን፣ ግጥም ገጠምንለት፣ ልጅ ሰየምንበት። ልኩን ግን አብረን አልተቀበልንም። ሰናድር ጥይቱ 14 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው። ውጅግራ 11። በ1920ዎቹ የመጣው የቤልጅግ ማውዘር 7.92። ከጣሊያን የተማረከው ደግሞ 6.5። አንድ ሰፈር ውስጥ አራቱም ካሉ አራት ዓይነት ጥይት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ሞልቶ ቢተርፍ አይጠቅምም። የፈረንጁ ጠመንጃ ማነጣጠሪያ ላይ ርቀት የሚያመለክቱ ቁጥሮች ተቀርጸዋል፤ ቅጠሉን አንስተህ እንደ ርቀቱ የምታስተካክለው። የፈረንጅ ቁጥር ላላነበበ ሰው ያ ጌጥ ነው።

ሻጮቹም ቢሆኑ ለማስተማር አልመጡም። በ1879 ዓ.ም. 2 ሺህ ገደማ አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ እንጦጦ የደረሰው ነጋዴ ማን ነበር መሰላችሁ? ገጣሚው አርተር ራምቦ! ግጥም ትቶ ጠመንጃ ሲሸጥ። ምኒልክ ተከራክረው በርካሽ ገዙት፤ ራምቦ እስኪሞት አማረረ።

* * *

ወደ ጉራጌ እንመለስ። ዛሬ ወልቂጤ የቆመችበት አካባቢ በዚያ ዘመን የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ የሚዋጋበት አገር ነበር። እስከ 1881 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ ለምኒልክ ጦር አልገዛም ብሎ ቆይቶ በራስ ጎበና ተሸነፈ። የዚያን ጦርነት ታሪክ በዝርዝር የምንማርበት ትምህርት ቤት አልገጠመኝም፤ የአዲስ አበባ ልጅ ወልቂጤን የሚያውቃት የጅማ አውቶቡስ ምሳ የሚበላባት ከተማ አድርጎ ነው።

ከዚሁ ከጉራጌ ምድር የወጡት ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ግን በሁሉም ዘንድ ይታወቃሉ። አባ ነፍሶ! በልጅነታቸው ተማርከው ያደጉ፣ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ መድፈኛ ሆነው ስም ያስጠሩ። ስለ ባልቻ ወኔ ያልተዘፈነ የለም። ስለ ባልቻ ብሎን ግን የዘፈነ የለም። የዘመኑ የሆችኪስ የተራራ መድፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነጣጥረው በአንድ ወፍራም ብሎን ነው፤ መዘውሩን ስታዞረው የመድፉ ኋላ ከፍ ዝቅ ይላል። ሩብ ዙር ከበዛ ጥይቱ ጠላትን አልፎ ይሄዳል፣ ሩብ ዙር ካነሰ ከፊቱ ያርሳል። በዚህ መሣሪያ ስሙ የተነሳ ሰው ጀግና ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ልክ የሚያውቅ እጅም ነበረው ማለት ነው። እኔ ስለ ባልቻ ከሚወራው ሁሉ ይኼኛው ነው የሚያስቀናኝ። ባልቻ ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ ጡረታ ወጥተው ሳለ፣ ጣሊያን ሲመጣ እንደገና ተነሱና በ1929 ዓ.ም. እዚያው በተወለዱበት በጉራጌ ምድር ሲዋጉ ወደቁ።

በዚያው ዓመት የካቲት 12፣ አዲስ አበባ ላይ ግራዚያኒ ቦምብ ተወርውሮበት ከተማው በደም ሲታጠብ፣ በጉራጌ ጎጌቲ ላይ የሲዳሞና የባሌ ጦር የመጨረሻው ርዝራዥ ተከብቦ አለቀ። ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም እዚያ ቀሩ። ራስ ደስታ ዳምጠው አምልጠው ከአምስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 17፣ ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው ተረሸኑ። ክትፎ ልንበላ የምናልፍባት ቡታጅራ። ለወራት ከተራራ ተራራ ሲባረር የከረመ ጦር ጥይት ከየት እንደሚያገኝ አስቡት፤ ያውም ለዚያ ሁሉ ዓይነት ጠመንጃ።

* * *

ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ወጣ። መንገድ ጀምሮ፣ የመኪና ዕቃ ጥሎ፣ ቃል ጥሎ። የጋሼን ጋራዥ ዓይኔን ጨፍኜ ባዳምጠው ሮም ያለሁ ይመስለኛል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ክሪክ፣ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ። ሁሉም የጣሊያን ነው። አንድ ቃል ግን ይጎድላል። «ኪያቬ ዲናሞሜትሪካ» የሚል ቃል ከአማርኛ መካኒክ አፍ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትሰሙም። ልክ የሚናገረው መፍቻ ማለት ነው።

አልቀረብንም፣ ገና አልተስፋፋም ነበር። ኮንራድ ባር የሚባል ሰው ለኒውዮርክ ውኃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1918 እንዲህ ያለ መፍቻ እንደሠራ ይነገራል፤ ሠራተኞቹ የቧንቧ ብሎን እያጠበቁ ስለሰበሩ ነበር። (የኒውዮርክ ልጅም ቱቦ ላይ ይዘል ነበር ማለት ነው።) የፈጠራ መብቱ ወረቀቶች የወጡት ግን በ1930ዎቹ ነው፤ የጣሊያን ካሚዮን በማይጨው በኩል ሲገባ። ካሚዮኑና የካሚዮኑ ቃላት ገቡ፣ ልኩ ኋላ ቀረ። ቶርክ ሪንች የሚለው ስም ራሱ ዘግይቶ በእንግሊዝኛ ነው የመጣው። ልክ በሕግ የሚከበርበት ቦታ አገራችን ውስጥ የለም ማለቴ ግን አይደለም። አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም ከአሜሪካኖች ጋር ነው ሥራውን የጀመረው፤ በአውሮፕላን ጥገና ደግሞ የእያንዳንዱ ብሎን ልክ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፣ ማንም በስሜት አያጠብቅም። ሰማይ ላይ ልክ አለ። ምድር ላይ ቱቦ አለ።

ምድሩ ላይ ያለውን መንገድ ደግሞ ጉራጌዎች ራሳቸው ናቸው የታገሉለት። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ሊስትሮውም፣ ነጋዴውም፣ ወታደሩም ገንዘብ አዋጥተው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው ወደ አገራቸው መንገድ አስቆረጡ። መንገዱ ሲመጣ ሎንቺናው መጣ፣ ከዚያ አይሱዙው መጣ። ጋሼም በአይሱዙ ዘመን ነው መሪ የጨበጡት።

* * *

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አማርኛ ስንማር መምህሮቻችን «ይህ ቃል ጠብቆ ሲነበብ፣ ላልቶ ሲነበብ» ይሉን ነበር። «ይጠብቃል» የሚለውን ውሰዱ። «ብ»ው ጠብቆ ሲነበብ ዘበኛው በሩን ይጠብቃል ነው። ብሎኑ ይጠብቃል ለማለት ግን ያንኑ ቃል ማላላት አለባችሁ። ብሎን የሚጠብቀው ላልቶ ሲነበብ ነው! ይህን ለጋሼ ስነግራቸው አልሳቁም። «አላልተህ ካላነበብከው ይሰበራል» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ ነው የሰማሁት።

በ1980ዎቹ ነው። አይሱዙ ይነዳሉ፣ ከአዲስ አበባ ጅማ። ወልቂጤ ላይ የግራ የኋላ ጎማ ፈነዳ፣ ሌሊት ነው። ረዳታቸው ሥራ ከጀመረ ወር ያልሞላው ልጅ ነው። የዚያ ዘመን የጃፓን የጭነት መኪና የግራ ጎማ ብሎኑ ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ግራ ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ይፈታል። ልጁ አላወቀም። ሊፈታ ብሎ እንደ ለመደው ወደ ግራ ገፋ። እንቢ አለው። «ጋሼ፣ እንቢ አለኝ» አለ። እሳቸው ጋቢናው ውስጥ ጋደም ብለዋል፣ ደክሟቸዋል። «ቱቦ ጨምርበት» አሉት። ጨመረበት። ሦስቱን ብሎን እንዲህ አድርጎ ሲለጥጣቸው ቆየ፣ እሳቸው ወርደው እስኪያሳዩት ድረስ። ጎማው ተቀየረ። ብሎኖቹ በዓይን ሲያዩአቸው ደህና ነበሩ።

ከወልቂጤ ወጥቶ ወደ ጊቤ የሚወርደውን ቁልቁለት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጋሼ ከታች ወንዙ ሳይታያቸው ሦስቱ ብሎኖች ተራ በተራ ተበጠሱ፤ የቀሩት ሸክሙን አልቻሉትም። መኪናው በአንድ ወገን ተቀምጦ ሲንሸራተት ረዳቱ እንደ ማንኛውም ረዳት ታኮ ይዞ ዘለለ። መኪናው ቆመ። የልጁ ቀኝ እግር ከታኮው ጋር ነበር።

«ቱቦውን ያቀበልኩት እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ። «እሱ እስከ ዛሬ ጋሼ ነው የሚለኝ። ወልቂጤ ሱቅ አለው። መስቀል በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ፣ እሱ ሙስሊም ነው፣ አረፋ ሲሆን ደግሞ እሱ ይጠራኛል። አንድም ቀን አላነሳብኝም። ባነሳብኝ ይሻለኝ ነበር።»

ጀርመናዊው «ቲክ» ሲያሰኝ ያዩት እንግዲህ ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አጋዘኑ ተመትቶ ሰውየው ሊሄድ ሲል «ምን ልስጥህ?» አላቸው። ሌሎቹ ጫማና ካፖርት ጠየቁ። ጋሼ ካቻቢቴዋን ጠየቁ። ሰጣቸው። ተነስተው ከቁም ሳጥን አውጥተው አሳዩኝ፤ በጨርቅ ተጠቅልላለች። የምትለካው እስከ ጥቂት ኒውተን ሜትር ድረስ ብቻ ነው። የመኪና ጎማ ላይ አትረባም። የዲኤክስ ጎማ ዳዶ 100 ኒውተን ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ከጠመንጃው ቀለበት 50 እጥፍ።

«ታዲያ ለምን ወሰዷት?»

«ቀሪውን አስተማሪው ሠራልኝ» አሉ። የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር የሆነ ደንበኛቸውን አንድ ቀን ሲጠይቁት ወረቀት ላይ ሒሳቡን አወረደላቸው። አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ብታንጠለጥል 100 ኒውተን ሜትር ይጠጋል። ቱቦው ራሱ ክብደት ስላለው አንድ ኪሎ ቀንስ። ዘጠኝ ሊትር ውኃ። ጋሼ ቢጫ ጀሪካን ገዙ፣ ዘጠኝ ሊትር ላይ በቀለም አሰመሩበት። ቱቦውን አግድም ይዘህ ጀሪካኑን ጫፉ ላይ ታንጠለጥላለህ። ዳዶው ከዞረ ገና ነው። አልዞር ካለ በቃ። ቲክ ማለት እሱ ነው። ጠዋት ልጁ የሳቀው ለዚህ ነው፤ ውኃ ለመቅዳት ሰንፎ ነው ቱቦው ላይ የወጣው። ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ልጅ አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ሲቆም 500 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ሳይዘል። እኔ ደግሞ በሆዴ «ጎበዝ» ብዬው ነበር።

ጋሼ አራቱንም ዳዶ እንዲፈታ አደረጉት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጥፍራቸው ዳበሱ፤ አንዱን አልወደዱትም፣ አስቀየሩት። ልጁ ጀሪካኑን ሞልቶ መጣ። በሰያፍ በሰያፍ፣ ተራ በተራ። እኛ ላይ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ጓደኛዬ ሰዓቱን ሦስት ጊዜ አየ።

ሒሳብ ስንከፍል ጋሼ በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አሉ። «ሃምሳ ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ቁሙና እንደገና እዩት። አዲስ የተገጠመ ጎማ ቦታውን ሲይዝ ይላላል። አንተ ልጅ፣ አንተ አስታውሰው።»

ከቡታጅራ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጢያ ነው። መንገዱ ላይ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እነዚያ ጎራዴ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ያሉበት፣ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገቡት። «ቁም» አልኩት። «ለድንጋዩ?» አለ። «ለዳዶው» አልኩት። እያጉረመረመ ወረደ። መፍቻውን ሰክቶ ያለ ቱቦ፣ በክንዱ ብቻ ሳበ። የመጀመሪያው አልተነቃነቀም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ወደ እኔ ዞሮ «ይኸው፣ ሰዓታችንን…» ብሎ አራተኛውን ሲስብ ዳዶው ሩብ ዙር ያህል ሄደ።

ጓደኛዬ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ እስኪያዝ ድረስ ሳበውና በአፉ «ቲክ» አለ። እጁን አነሳ።